የዘለልኳት መስመር

ባለፈው ወር አንድ ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ቅጽ ዘረጉልኝና «ልጄ፣ መነጽሬን ቤት ረስቼው መጥቼ ነው፤ እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። ይህችን ንግግር አውቃታለሁ። መነጽር ኖሯቸው የማያውቁ ሰዎች የሚናገሯት ናት። ተቀብዬ ማንበብ ጀመርኩ። መሃል ላይ ስለ አገልግሎት ክፍያ የሚያወራ ረዘም ያለ አንቀጽ አለ። ተራዬ ሊደርስ ነው፤ አንቀጹም ለእሳቸው የሚረባ አልመሰለኝም፤ ዘለልኩት። «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ልል አፌን ስከፍት ደረቴን አንድ ነገር ተጫነኝ። «ይቅርታ አባባ፣ አንድ ቦታ ዘልያለሁ» ብዬ ከላይ ጀመርኩላቸው። ተራዬም አለፈኝ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ ምን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ የባንክ ቤቱን ነገርኩት፤ «ተመልሰሽ አነበብሽላቸው አይደል? ታዲያ ምኑ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን እንቅልፍ የነሱኝ እሳቸው አልነበሩም። ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ደሴ ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ባለች የቆርቆሮ ጎጆ፣ አንዲት መስመር ዘልዬ ነበር። ያችን ተመልሼ አላነበብኳትም።

## አራት ጎበዞች

በ1991 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ሚኒስትሪ የምንፈተንበት ዓመት ስለሆነ፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የምንወጣው ልጆች እንደ ጣውንት ነበር የምንተያየው። ደብተር አንዋዋስም። አንዳችን መምህሩን ጥያቄ ስንጠይቅ ሌሎቻችን ጆሯችንን እናቆማለን።

አንዷ የሼህ የልጅ ልጅ ናት፤ ከትምህርት ቤት መልስ አያቷ ዘንድ ቁርኣን ትቀራለች። ሁለተኛው የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ዳዊት ደግሞ ነው አስኳላ የገባው። ሦስተኛው አባቱ ጋራዥ ይሠራሉ፤ ያገኘውን ሁሉ ፈትቶ ካልገጠመ እጁ አያርፍም። አራተኛዋ እኔ ነኝ። የእኔ ሙያ ንባብ ነበር። የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ የማነበው እኔ ነኝ፤ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ፣ ምላሴ ሳይያዝ።

ሁላችንንም «ጎበዝ» ይሉናል። ይህን ቃል ካደግሁ በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። ከአስኳላ በፊት ጎበዝ ማለት ደፋር ማለት ነበር፤ የጎበዝ አለቃ የሚባለው ደብተሩ ያማረ ሰው አይደለም፤ ጭንቅ ሲመጣ ፊት የሚቆም ሰው ነው። ትምህርት ቤት ቃሉን ወስዶ ፈተና ለሚያልፍ ልጅ ሰጠው። እኔ በአዲሱ ትርጉም ጎበዝ ነበርኩ። በአሮጌው እንዳልነበርኩ ያወቅሁት በዚያው ዓመት ነው።

የበሩን ዘበኛ አባባ እንላቸዋለን። ካኪ ካፖርት፣ ከእጃቸው የማይለይ መቁጠሪያ፣ ከጦሳ የሚወርደው ጉም ሲሸፍነን የምትበራ አንዲት ባትሪ። አገራቸው ወረባቦ ነው፤ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደሴ የቀሩ ናቸው። ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ያን ጊዜ ሞባይል የለም፤ ስልክ ውድ ነው፤ ደብዳቤ በሰው እጅ ነው የሚመጣው፤ ከዑምራ ወይም ከሥራ የሚመለስ ሰው ልብሱ መሃል አድርጎ ይዞት ይመጣል።

አንድ የኅዳር ከሰዓት፣ ትምህርት ካለቀ በኋላ፣ አራታችንም በየራሳችን ሰበብ ወደ በሩ ስንዞር ተገጣጠምን። ማናችንም ለምን እንደመጣን አንናገርም። መጨረሻ ላይ የጋራዡ ልጅ «እናንተም ታነቡላቸዋላችሁ እንዴ?» አለ። ለካ ሁላችንም የእሳቸው አንባቢዎች ነን! ለእያንዳንዳችን ለብቻችን «መነጽሬን ረሳሁ» ብለውናል፤ እያንዳንዳችንን ለማንም እንዳንናገር አስምለውናል፤ እኛም ቃላችንን ጠብቀናል። የትምህርት ቤት ዘበኛ ማንበብ አይችልም ከሚባል ሞት ይሻላቸው ነበር።

«እኛ እስከ መቼ እናነብላቸዋለን?» አለ የመሪጌታው ልጅ። «ለምን አናስተምራቸውም?»

ሁለቱ ዘለሉ። እኔም የዘለልኩ መሰልኩ። ሆዴ ግን ቁልቁል ወረደ።

## በፌስታል የተጠቀለለው ደብዳቤ

ምክንያቱ ይህ ነው። ከወር በፊት፣ በጥቅምት፣ ከልጃቸው የመጣውን ደብዳቤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሲሰጡኝ «የተማረ ይግደለኝ» አሉኝ፣ እየሳቁ። ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ አባቴ፣ እንዴት ከርመሃል፣ እኔ አላህ ይመስገን... እያልኩ እንደ ሚኒ ሚዲያው አንቆረቆርኩት። ወደ መጨረሻው ስደርስ ዓይኔ ከአፌ ቀደመ። «አባዬ ላንተ ብቻ ልንገርህ፤ ሰባት ወር ሙሉ ደሞዝ አልሰጡኝም፤ ፓስፖርቴንም ይዘውብኛል።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቁጠሪያቸውን አቁመው፣ በእያንዳንዱ ቃል ከንፈራቸው ፈገግ እያለ ያዳምጣሉ። አፌ ራሱን አዳነ። «አባዬ ለእኔ አታስብ፤ ሁሉ ነገር ደህና ነው» ብዬ አነበብኩ፤ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ። ያልተጻፈ ነገር።

እዚህ ላይ ቢቆም የልጅ ርኅራኄ ነው እል ነበር። አልቆመም። እሳቸው ደስ ስላላቸው መልስ አስጻፉኝ። «የቤቱ ጣሪያ እያፈሰሰ ነውና ቆርቆሮ ልቀይር ፈልጌአለሁ፤ አላህ ከሰጠሽ የቻልሽውን ላኪልኝ።» ልከለክላቸው አልቻልኩም፤ ብከለክላቸው የዘለልኳት መስመር ልትወጣ ነው። በራሴ ቁም ጽሕፈት፣ ሰባት ወር ላልተከፈላት ልጅ፣ የቆርቆሮ ገንዘብ እንድትልክ ጻፍኩላት። አባቷ ጭንቀቷን ሰምቶ ምንም እንዳልሰማ የመለሰላት ነው የሚመስላት። ያን ምሽት ይህን ሁሉ አልተረዳሁትም፤ የተረዳሁት በየቀኑ ትንሽ በትንሹ ነው።

የዓረብ አገር ሠራተኛ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ንቅንቅ እንዳትል የሚያስረው ከፋላ የሚባለው አሠራር እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በ14 ዓመቴ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ደብዳቤው በፌስታል ተጠቅልሎ ካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ አለ፤ እሳቸው ማንበብ የቻሉ ቀን መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን ነው።

## አበገደ፣ አብጀድ

ሐሳቡን ስንነግራቸው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉን። በማግሥቱ ግን ጎጆዋ ተጠርጋ፣ አራት ብሎኬት በክብ ተደርድሮ አገኘነው። ለሌላው ሰው ሒሳብ እያጠናን ነው። ክፍል ውስጥ «ዛሬ አልጀብራ አለ?» ከተባባልን ጉዳዩ ይኸው ነው። አንዳችን ሁልጊዜ በር ላይ ኳስ እያንጠባጠበ ይጠብቃል፤ መምህር ከመጣ ኳሱ ቆርቆሮውን ይመታል፤ ፊደል ገበታው ከብርድ ልብሱ ሥር ይገባል። ያ የጋራዡ ልጅ ፈጠራ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሸነፍን። ሀ ሁ ሂ ሃ እያልን ከላይ ጀመርን፤ ዛሬ የያዙትን ነገ ያጡታል። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል፣ ዲቃሎቹን ሳይጨምር። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ተምረው ነበር፤ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የምስክር ወረቀት ወስደዋል። ያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ያስተማረ፣ ከዩኔስኮ የተሸለመ ነው፤ ብዙ ሰው በጥሩ ያነሳዋል፤ እኔም አነሳዋለሁ። ግን ፊደል የሚነበብ ነገር ካላገኘ ይረሳል። እሳቸው ባገራቸው አነጋገር «ከብቱም ፊደሉም በድርቁ አለቀ» ነበር ያሉን።

አንድ ቀን የሼሁ የልጅ ልጅ ከትራሳቸው ሥር ወጣ ያለች ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አየችና ገለጠችው። በዐረብ ፊደል የተሞላች ናት። ዱዓ መስሏት በለሆሳስ ማንበብ ጀመረች፤ ከአፏ የወጣው ግን «ማክሰኞ፣ ሲሚንቶ ሃያ ገባ። ረቡዕ፣ የጀርባው በር ተሰብሮ አደረ» የሚል አማርኛ ነው። ዝም ተባባልን። አንገታቸውን ደፍተው፣ እንደ ጥፋተኛ፣ «ቁርኣን ቤት ሳለሁ የለመድኩት ነው፤ ለራሴ ነው፤ ይኼ ምኑ ጽሑፍ ነው» አሉን።

ሦስት ሳምንት እንደ ሕፃን ሀ ሁ ያስቆጠርናቸው ሰው ለካ ጸሐፊ ናቸው። ያን ዕለት እንደዚያ ብለን አላሰብነውም፤ ገረመን እንጂ አላፈርንም። ማፈር የነበረብን እኛ ነን። የወሎ ዑለማዎች፣ እንደ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉት፣ አማርኛ መንዙማ በዐረብ ፊደል ሲጽፉ እንደኖሩ፣ አጻጻፉም አጀሚ እንደሚባል ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። አባባ የትልቅ ወንዝ ጭልፋ ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ መሃይም ያሰኛቸው እኛ ያን ውኃ አለማወቃችን ነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን የመሰለ የልጆች ሥራ አላየሁም። የመሪጌታው ልጅ «ፊደል በሀ ለሐ መ ብቻ አይደለም የሚሄደው» ብሎ በሌላው ተራ ዘረገፈው፦ አበገደ፣ ሀወዘ፣ ሐጠየ፣ ከለመነ። የሼሁ የልጅ ልጅ ከብሎኬቷ ተነሳች። አያቷ ፊደልን በቁጥር ሲያሰሉ የሚሉትን ታውቃለች፦ አብጀድ፣ ሀወዝ፣ ሑጢ፣ ከለመን። አንዱ ይጠራል፣ አንዷ ትከተላለች፤ ቀረሰተ ሲል ቀረሸት ትላለች። እንደ ቤተ ክርስቲያን ተሰጥኦ፣ እንደ መንዙማ ተቀባይ። አባባ መቁጠሪያቸውን ጥለው አጨበጨቡ። በዚያች ጎጆ፣ መሪጌታና ሼህ ቤት ለቤት የሚያስተምሩት ፊደል የአንድ እናት ልጅ መሆኑን በዓይናችን አየን።

የጋራዡ ልጅ በካርቶን ገበታ ሠራ፤ በግራ የዐረቡ፣ በቀኝ የእኛው። ደማ የሚባለው የዐረብኛ አናባቢ ምልክት ያለባት ባ፣ ቡ ናት። ከስራ ያለባት፣ ቢ። ሱኩን፣ ማለትም አናባቢ የለም የሚለው ምልክት፣ ያለባት፣ ብ። ሳድስን ለማስረዳት ሦስት ሳምንት የፈጀብን ነገር በሱኩን በአንድ ከሰዓት ገባቸው። ያ ወቅት ረመዳን ነበር፤ ጾማቸውን ውለው አፍ ሳያረጥቡ ነው የሚማሩት። በዚያ ዓመት ዒዱና ጥምቀት ተጎራብተው ዋሉ፤ ለሁለቱም በዓል አባባ ለአራታችንም ከረሜላ ገዙልን። ያኔ ደብተር መዋዋስ ጀምረን ነበር።

የከበዷቸው ሁለት ዓይነት ፊደሎች ናቸው። አንደኛው ዐረብኛ ጭራሽ የሌለው ድምፅ፣ እንደ ጰ እና ፐ ያለው። ሁለተኛው ሳብዕ ነው፤ ቦ፣ ሞ፣ ዞ። ዐረብኛ በጽሑፍ የራሱ ምልክት ስለሌለው ከካዕቡ ጋር ይምታታባቸዋል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

እኔስ? እኔ በዚህ ሁሉ መሃል እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፤ ሠራሁ፤ ከሁሉም በላይ የደከምኩ መሰልኩ። ግን ሳብዕን የማስተማር ተራ ሲደርሰኝ ቸኩዬ አለፍኩት። እያወቅሁ ነው? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳቀረብኩት። አንድ ቀን «አላውቅም፣ ልጅ ነበርኩ» እላለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ያች እጅ ገበታው ላይ ሞ እና ዞን በፍጥነት ስትሻገር ትታየኛለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ያችን ንጋት ለማዘግየት ሞክሬአለሁ ብዬ ዛሬ አምናለሁ።

## የካቲት

ከጅዳ መልስ አልመጣም። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ። «ሰው አላገኘች ይሆናል» ይላሉ አባባ። የልቤ ምት የሚሰማው ለእኔ ብቻ ነው።

በየካቲት አንድ ከሰዓት ገብተን እንደተቀመጥን ገበታውን ወደ ጎን አደረጉና እጃቸውን ወደ ውስጥ ኪሳቸው ሰደዱ። ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። «አዲስ ካልመጣ አሮጌውን ላንብብ» አሉ። ሦስቱ ልጆች፣ የኳሱ ተረኛ እንኳ ሳይቀር፣ ተጠጓቸው። እኔ በሩ ሥር ነበርኩ፤ ተራዬ ስላልሆነ ኳሱ በእጄ የለም፤ ብወጣ የት ነው የምሄደው?

ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አድርገው ጀመሩ። ይ... ድ... ይድረስ። ለምወድህና። እያንዳንዱ ቃል ሲጠናቀቅ የጋራዡ ልጅ ጉልበቱን ይመታል። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ጣቲቱ ወረደች፤ ወረደች፤ መስመሯ ላይ ደረሰች። «አባዬ... ላንተ... ብቻ... ልንገርህ...» ልጆቹ ዝም አሉ። «ሰባት... ወር... ሙሉ... ደ...» ጣቲቱ ቆመች።

ደሞዝ። ሁለተኛዋ ፊደል ሳብዕ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ፓስፖርት አለ፤ ፓ አለበት፣ ፖ አለበት። እሳቸው የማይችሏቸው ፊደሎች በሙሉ እዚያች አንዲት መስመር ላይ ተሰብስበው ነበር።

ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ ጣቲቱ ተነሳች፤ መስመሩን ተሻገረች፤ ቁልቁል ወርዳ «ደህና... ሁን... አባዬ» ላይ አረፈች። ልጆቹ ሆ ብለው አጨበጨቡ። የመሪጌታው ልጅ «አንድ መስመር ዘለሉ እኮ!» አለ። አባባ «ከባድ ነው፤ ሌላ ቀን» አሉና ደብዳቤውን አጠፉት። ሲያጥፉት ያዩት ወረቀቱን አልነበረም። እኔን ነው ያዩት። «አብሽሪ» አሉኝ።

በወሎ አብሽሪ ለሐዘንተኛም ይባላል፣ ለፈተና ለምትገባ ልጅም ይባላል። ልጆቹ ስለ ሚኒስትሪው መሰላቸው።

እኔ እስከ ዛሬ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ነኝ። ሞ አሸንፋቸው ነው የዘለሉት? ወይስ አንብበውት፣ ሁሉንም ተረድተው፣ በጓደኞቼ ፊት እንዳልዋረድ እኔ በዘለልኩበት ቦታ ላይ እሳቸውም ዘለሉ? ለአንደኛው ማስረጃ አለኝ፤ ሳብዕን በደንብ አላስተማርኳቸውም። ለሁለተኛውም አለኝ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ አንድም ቀን አላነሱም። ክረምቱ ሲገባም ጣሪያው ያው አሮጌው ነበር።

በመጋቢት ወረቀትና ፖስታ ለመኑን። ምን እንደሚጽፉ ልናይ ስንከባቸው «ዛሬ አልጀብራ የለም» ብለው አስወጡን። ፖስታው ላይ ስሟን በእኛው ፊደል ጽፈውታል፤ የመጀመሪያዋ ፊደል አጎንብሳ። ጉዳዩን ለጓደኞቼ ልነግር ያን ቀን አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልነገርኩም። ዛሬም ከሦስቱ አንዱ ይህን ቢያነብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ነው።

በግንቦት መልስ መጣ። ለማናችንም አልሰጡንም። በሩን ተደግፈው፣ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ለብቻቸው አነበቡት። እኛ ከባንዲራው ሥር ሆነን ከሩቅ አየናቸው፤ ጣታቸው ወረቀቱ ላይ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። አንብበው ሲጨርሱ በቀኝ በኩል ወዳለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት እንጂ ወደ ፌስታሉ አልመለሱትም። የጋራዡ ልጅ «ምን ብላ ይሆን?» አለ። ማን ያውቃል? ያን ሁሉ የደከምነው እኛ እንዳናውቅ ነበር።

ክረምት ላይ ውጤት ለማየት ብቻዬን መጣሁ። አራታችንም አልፈናል። ሼሁ ስለታመሙ የልጅ ልጃቸው ወደ ገጠር ሄዳለች። አባባ በር ላይ አዲስ የእንግዶች መዝገብ ይዘው ተቀምጠዋል። «አንች አሁን ተማሪ አይደለሽም፤ እንግዳ ነሽ» ብለው ስሜን በእኛው ፊደል ቀስ እያሉ ጻፉ፤ ሰዓቱን ጻፉ። የመጣሁበት ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ወደ ቀኝ አዙረው በዐረብ ፊደል አንድ ረዘም ያለ ነገር ጻፉ።

«ምን ይላል፣ አባባ?» አልኳቸው።

«መነጽርሽን ረሳሽ?» አሉኝ። ፈገግ ብለው መዝገቡን ዘጉና ከኋላዬ ለሚጠብቁት ሰዎች በሩን ከፈቱ።